እማማ አሻ የፈረሙልኝ ዶክትሬት

ዶክትሬቴን ለምን በርቀት፣ ያውም ስድስት ዓመት ሙሉ በፖስታ እየተንገላታሁ እንደተማርኩ ሰዎች ሲጠይቁኝ፣ «ያኔ አሶሳ ሌላ ምን አማራጭ ነበረ?» ብዬ እገላገላለሁ። ውሸቴን ነው። አማራጭ ነበረኝ፤ እንዲያውም ደህና አድርጎ የሚያባብል አማራጭ ነበረኝ። ዛሬ እውነቱን ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ነገሩ ረቡዕ ተጀምሮ ዓርብ ያለቀ ነው።

በቅድሚያ የያኔዋን ዝናሽን ላስተዋውቃችሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ምላሴ ፈጣን፣ እግሬ ከምላሴ የባሰ። ክልሉ ገና አዲስ ነው። ቢሮዎቹ በኪራይ ቤት፣ አጥራቸው ቀርከሃ፣ ወንበራቸው ከሠራተኛው ቁጥር ያነሰ። ጠዋት የቀደመ ወንበር ይይዛል፤ ያረፈደ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። በሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ስለነበር፣ ከሚቆጠሩት አንዷ መሆኔን አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። ገበያ ስወጣ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ ራሷ የምታውቅልኝ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ የገበሬ ማኅበራትን ማሠልጠን ነው። እቅድ አወጣጥ፣ ገበያ አፈላለግ፣ አደረጃጀት። ጥቁር ሰሌዳዬን ዛፍ ላይ አንጠለጥልና አስተምሬ፣ ጠመኔ በጠመኔ ሆኜ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ታደሰ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። እኔ ቀርፋፋ ነህ እለዋለሁ፤ እሱ «አስተዋይ ለማለት ፈልገሽ ነው» ይለኛል።

በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ የቢሯችን ኃላፊ አስጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ሁሉም ነገር ትናንት እንዲያልቅላቸው መፈለጋቸው ነው።

«ዝናሽ፣ ክልሉ የሥራ አመራር ማሠልጠኛ ሊከፍት ነው። የሚመራው ሰው ዶክተር መሆን አለበት ተብሏል። እኔ አንቺን ነው የማየው። ክፍያውን ቢሮው ይችልልሻል። በርቀት የሚያስተምር ፈልጊና ቶሎ ያዢው። ቶሎ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ መሬት አልረገጥኩም። የውጭ መጽሔት ላይ ላገኘሁት አድራሻ ሁሉ ደብዳቤ ላክሁ። መልስ የላኩልኝ ሁለት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ስማቸውን ትቼ እኔና ታደሰ ባወጣንላቸው ስም ልጥራቸው፤ ወርቃማውና ግራጫው።

ወርቃማው ደብዳቤው በወፍራም ወረቀት ነው፤ ግርጌው ላይ በጣት ሲነካ ጎርበጥ የሚል የወርቅ ቀለም ማህተም አለበት። ካባ የለበሱ፣ ጥርሳቸው የሚያበራ ሰዎች ፎቶም አያይዟል። በአሥራ አራት ወር ዶክተር ያደርጋል። የሥራ ልምድ እንደ ትምህርት ይቆጠራል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ብቻ። ግራጫው የመጣው እንደ ሶፍት በሳሳ ግራጫ ወረቀት ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በየሁለት ወሩ የቤት ሥራ በፖስታ፣ ከዚያ በራስ ሥራ ላይ የተመሠረተ ጥናት። ፎቶ የለ፣ ካባ የለ። ሲያነቡት እንኳ የሚያደክም ነገር።

ታዲያ ለሁለቱም ለምን አላመለከትሽም ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱም የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ማህተም ያረፈበትን ዋናውን የውጤት ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ነው። ሌላ ለማስጻፍ አዲስ አበባ ወርዶ ወራት መጠበቅ ነው። ሁለቱም ምዝገባቸውን የሚዘጉት በወሩ መጨረሻ በመሆኑ፣ ፖስታው በመጪው ዓርብ አውሮፕላን ካልሄደ አለቀ። አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ። እኔ እንደሆን መርጫለሁ። ወርቃማው ነዋ!

ማክሰኞ ከሰዓት ታደሰ የግራጫውን ቅጾች ይዞ ተቀመጠ። ቅጽ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

«ይሄን አይተሻል? ሦስተኛው ቅጽ» አለና እየተረጎመ አነበበልኝ። «ሥራውን በእርስዎ ምክር ያካሄደ አንድ ሰው ስለ እርስዎ ይጻፍ። አለቃዎ ወይም መምህርዎ መሆን የለበትም። አመልካቹ ደብዳቤውን ማየት የለበትም።»

«አቤት ጣጣ! ወርቃማው ይሄን ሁሉ መቼ ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም» አለ ረጋ ብሎ። «ስለ አንቺ ማወቅ የፈለገም አይመስልም።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ምንም። ማን ይጽፍልሽ ነበር ብዬ ነው። ካሠለጠንሻቸው ውስጥ።»

«ሞልቷል! እማማ አሻ አሉ።»

ቅንድቡን ከፍ አደረገ። «የማንጎዋ?»

«አዎ፣ የማንጎዋ! ምን አለበት?»

«አይ፣ ደግ ነው» አለና ወደ ቅጹ ተመለሰ። ያቺ «ደግ ነው» አንጀቴን አሳረረችው። እልኸኛ ነኝ። ነገ ሄጄ አጽፌ መጥቼ አፍንጫው ሥር ባላስቀምጥለት ብዬ ማልሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ደስ ካለኝ፣ ወርቃማውን እልካለሁ!

የማንጎውን ነገር ላስረዳችሁ። እማማ አሻ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ። መንደሩ በማንጎ ተከቧል። የእነሱ ልማድ የበሰለውን እየለዩ በየቀኑ መልቀም ነው፤ ሴቶቹ በትከሻቸው በሚያጋድሙት እንጨት ጫፍና ጫፍ ሁለት ቅርጫት አንጠልጥለው አሶሳ ገበያ ያወጡታል። የተረፈውን ፍየል ይበላዋል። እኔ ሰሌዳዬን ይዤ ደረስኩ። «ይሄ ኋላ ቀር ነው» አልኩ፤ ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያልኩት። «በአንድ ቀን ሁሉንም ትለቅማላችሁ፣ በአንድ መኪና ይጫናል፣ አዲስ አበባ ይገባል።» እማማ አሻ የማኅበሩ መሪ ናቸውና በስማቸው ነፊር ጠሩ። ነፊር ከዐረብኛው የወሰዱት ቃል ነው፤ ሰው ለሥራ ሲጠራ መንደርተኛው ነቅሎ ወጥቶ ይሠራል፣ የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል። በአንድ ቀን ዛፉን ሁሉ አራገፉት። መኪናው በማግሥቱ አልመጣም፣ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ማንጎው እንደተከመረ ሸተተ።

ሪፖርቴ ላይ «በመንገድ ብልሽት ምክንያት ምርቱ በከፊል ለጉዳት ተዳርጓል» ብዬ ጻፍኩ። ወደ መንደሩ ግን ተመልሼ አልሄድኩም፤ ሥራ በዛብኝ። እማማ አሻን ገበያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አግኝቻቸው ሁለት እጄን ይዘው ነበር ሰላም ያሉኝ። ስለዚህ ነገሩ ተረስቷል ብዬ ደመደምኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጨው ጭኖ ወደ ባምባሲ በሚሄድ መኪና ጋቢና ገባሁ። መገንጠያው ላይ ወርጄ ጭቃውን እየዘለልኩ በእግሬ ቀጠልኩ። ግራና ቀኝ ማሽላ ነው፤ ንጹሕ፣ የታረመ፣ ደስ የሚል። መንደሩ ሊደርስ ሲል ግን አንድ ማሳ አየሁ፤ አረሙ ማሽላውን አንቆት ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። «እዚህስ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ የሰነፍ ማሳ» አልኩ ለራሴ።

እማማ አሻ ሲያዩኝ እጃቸውን ዘረጉ። ስድሳ ቢሆናቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ ነው የሚጠሩት።

«ያ ቢቲ! ልጄ! አንተ መጣ! ግባ፣ ግባ። ዝናብ አልበላህም?»

የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር አቀረቡልኝ። በልቼ ስጨርስ ጉዳዬን አስረዳሁ። ዶክተር ለመሆን እንደምማር፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ አገር እንደሆነ፣ ስለ እኔ ሰው እንዲመሰክር እንደሚፈልጉ ነገርኳቸው። አመልካቹ ማየት የለበትም የሚለውንም ነገርኳቸው፤ ግን ጸሐፊዋም አስተርጓሚዋም እኔው ነኝ! እሳቸው ሳቁ።

«እኔ ይናገራል፣ አንተ ይጽፋል። መጨረሻ ጣት። ኸላስ፣ በቃ።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ከቢሮ ያመጣሁትን የማህተም ቀለም አጠገቤ አስቀመጥኩ።

«ጻፍ» አሉ። «ይሄ ልጅ በእግሩ ይመጣል። ዝናብ አይፈራም። እኛ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ እሱም ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ወንበር አምጡ አይልም።»

እንዴት ደስ አለኝ! እጄ በፈገግታ ይጽፋል።

«ጻፍ። ይሄ ልጅ ብዙ ያውቃል። ግን ሲጠይቁት አይሰማም።»

እጄ ቀዝቀዝ አለ። ጻፍኩ።

«ጻፍ። ማንጎ አንድ ቀን ልቀም አለ። እኔ ጠየቀ፤ መኪና በዓይን አየህ? እሱ አለ፤ ፕላን ላይ አለ። እኔ ሁለተኛ ጠየቀ፤ አየህ? እሱ አለ፤ እማማ፣ ፕላን ላይ አለ አልኩ እኮ!»

ብዕሬ ቆመ።

ወገኖቼ፣ ያሉት እውነት ነው። ልክ እንደዚያ ብያቸው ነበር። የመሥሪያ ቤት ሰው የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። በሩብ ዓመቱ እቅድ ላይ «ተሽከርካሪ፦ አንድ» ተብሎ ተጽፏል። ተጽፎ፣ ጸድቆ፣ ክብ ማህተም አርፎበት አይቻለሁ። ለእኔ ያ መኪና ቆሞ ጎማው የሚታየኝ መኪና ነበር። ሾፌር አላናገርኩም፣ ደብዳቤ አልጻፍኩም፣ መኪናው ወደሚነሳበት ወደ ነቀምት ስልክ አልደወልኩም። ፕላን ላይ አለ፤ በቃ አለ። መኪናው ለካ በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ ላይ ነበር። መንገዱ አልተበላሸም። መንገዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በብዕር።

«ለምን ቆመ? እጅ ደከመ?» አሉኝ።

«እማማ፣ የመንገዱ ችግር ነበረ እኮ...»

«መንገድ?» አሉኝ። «በዚያ ቀን ጨው መኪና መጣ። አውቶቡስ መጣ። መንገድ ነበር።» ከዚያ በእጃቸው ወደ ውጭ አመለከቱ። «ስትመጣ ማሽላ አየህ? አረም ያለው? የኔ ነው። እኔ ነፊር ጠራ፣ ሰው አልመጣም። በፊት አሻ ሲጠራ አገር ይመጣል። አሁን ይላሉ፤ አሻ ጠራ፣ ለቀምን፣ ለፍየል ሆነ። የአሻ ቃል ባዶ ነው ይላሉ። ይሄንንም ጻፍ።»

የሰነፍ ማሳ ያልኩት ትዝ አለኝ። ፊቴ ጋለ። ግን እልኸኛ ነኝ አላልኳችሁም? እፍረቱ ወደ እልህ ተቀየረብኝና ራሴን አጎነበስኩ። «በመንገድ ችግር ምክንያት ሥራው ባይሳካም፣ ምክሯ ለማኅበራችን እጅግ ጠቃሚ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አዎ፣ ይህን ጻፍኩ።

«አንብብ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ያነበብኩላቸው ግን እሳቸው ያሉትን ነው፤ የጻፍኩትን አይደለም። «መኪና በዓይን አየህ ብዬ ጠየቅሁ» ብዬ ምንም ያልተጻፈበት መስመር ላይ ጣቴን እየጎተትኩ አነበብኩ። እሳቸው በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጨርስ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። በሥራ ብዛት የተሰነጣጠቀ ጣት ነው። ስንጥቁ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ወጣ።

«እኔ ማንበብ አያውቅም» አሉ ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «አንተ ያውቃል። ይበቃል።»

ቤት ስደርስ ታደሰ «እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ጻፉልኝ!» ብዬ የታሸገውን ፖስታ አፍንጫው ሥር አስቀመጥኩለት። ፖስታውን አገላብጦ አየና «ጎበዝ» አለኝ። ራት አልበላልህ አለኝ፤ ገንፎው ነው አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ «ወርቃማውን መረጥሽ አይደል?» አሉኝ። ስሙን እሳቸውም ለምደውታል። «ሰኞ ስምሽን ለምክር ቤቱ አቀርባለሁ። በአሥራ አራት ወር ወንበሩ ያንቺ ነው። ያኛው ምንድነው፣ አምስት ዓመት? በአምስት ዓመት ስንቱ ሹም ይቀያየራል!»

እውነታቸውን ነበር። የሚያስቀው ነገር ደግሞ፣ ወርቃማው ንጹሕ ነው። ማንንም አልጠየቀም፣ ማንንም አላዋሸኝም። ቅጹን ሞልቼ፣ ማስረጃዬን አስገብቼ፣ አሽጌ ብልከው ያቺ የአሻ ወረቀት ወደ ምድጃ ትገባለች፤ ማንም አያውቅ። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የልምድ ዝርዝሬን ልሞላ ጀመርኩ። «የሥራ ልምድዎ እንደ ትምህርት ይቆጠራል» ይላል። አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ «የማንጎ ምርት ግብይት ፕሮጀክት፣ አስተባባሪ» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬ እንደትናንቱ ቆመ። ይሄ ሊቆጠርልኝ ነው? የእማማ አሻ የታነቀ ማሽላ ለእኔ ካባ ሊሆን ነው? ብዕሬን ከደንኩ።

«ጌታዬ፣ ዛሬና ነገ ፈቃድ ይስጡኝ» አልኩ።

«አሁን? ነገ እኮ ዓርብ ነው!»

«እሱን አውቃለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ታደሰን እቤት አገኘሁት፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፣ የንባቡን ጭምር። ይስቅብኛል ወይም ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ጫማውን ማሠር ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ካንቺ ጋር ነዋ። ፖስታውን ለዓርብ ማን ሊያደርስልሽ ነው?»

እኩለ ቀን ላይ መንደሩ ደረስን። እማማ አሻ ብቻቸውን ማሳቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ያን ሁሉ አረም አንዲት ሴት! ወረቀቱን አወጣሁ።

«እማማ፣ ትናንት ያነበብኩልዎት ሌላ፣ የጻፍኩት ሌላ ነው። ዋሽቼዎታለሁ። ጣትዎን ያሳረፍኩት ውሸት ላይ ነው» አልኩና ወረቀቱን ከአራት ቀደድኩት።

እማማ አሻ ቁራጮቹን አዩ። ከዚያ በበርትኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ስድብ መሆኑን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

«እኔ ጣት ሰጠ» አሉ በመጨረሻ። «ወላሂ፣ እኔ ጣት ለማንም አይሰጥም።»

«አውቃለሁ፣ ጥፋቴ ነው። እውነተኛውን ልጽፍ መጥቻለሁ።»

«ወረቀት ቆይቶ!» ብለው መኮትኮቻቸውን ጣሉ። «ወረቀት ሩቅ ይሄዳል። እዚህ ያለው ሰው ምን ሰማ? ና።»

በየቤቱ እየጮኹ ሰው ሰበሰቡ። ትልቁ ማንጎ ሥር፣ ሰሌዳዬን እሰቅልበት በነበረው ዛፍ ሥር፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተቀመጠ። በማንም ፊት አንደበቴ ተይዞ የማያውቀው እኔ ቃል ፍለጋ ገባሁ። እኔ ተናገርኩ፣ እማማ አሻ በበርትኛ ተረጎሙልኝ።

«መኪናው ያልመጣው መንገድ ተበላሽቶ አይደለም። እኔ ሳላረጋግጥ ነው። እማማ አሻ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። የእሳቸው ቃል ባዶ አልነበረም። ባዶው የእኔ ነው።»

አንድ ሽበታም ሽማግሌ ደህና አማርኛ ያውቁ ኖሯል። «መኪናው ሲቀር ለምን አልመጣሽም?» አሉኝ።

ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። «አፍሬ» አልኩ።

ይህን ቃል ለራሴም ብዬው አላውቅም ነበር። ስለው እንባዬ መጣ፤ በመሐረቤ አፍንጫዬን እንደሚጠርግ ሰው ሸፈንኩት። ሽማግሌው በበርትኛ አንድ ነገር አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው እማማ አሻን።

«የመንግሥት ሰው ማፈር ይችላል፣ እኔ አላወቀም አለ» አሉኝ፤ እሳቸውም ትንሽ ሳቁ።

ከዚያ ነው «አሁን ጻፍ» ያሉኝ። እዚያው ዛፍ ሥር ጻፍኩ፤ ቃላቸውን እንዳለ በአማርኛ፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ። «ሲጠይቁት አይሰማም» የሚለውን ጻፍኩ። «ፕላን ላይ አለ» የሚለውን ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «ግን ተመልሶ መጣ» የሚል ጨመሩበት። ታደሰ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያነብባል፤ እማማ አሻ ጽሑፉን በእሱ ሊያረጋግጡ መሆኑ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩም። ጣታቸውን አሳረፉ። ከግራጫው ቅጾችና ከውጤት ማስረጃዬ ጋር አንድ ላይ አሸግሁት፤ ለታደሰ ሰጠሁት።

«አንቺስ?» አለኝ።

እማማ አሻ ቀደሙኝ። «እሱ ይቀራል። ነገ ነፊር ነው። እሱም ያርማል።»

ታደሰ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ መንገድ ወረደ።

ዓርብ ጠዋት ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቷል። ደመና ከሆነ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ይመለሳል፤ ስንት ጊዜ አይተናል። እኔ ግን ጎንበስ ብያለሁ። በመጀመሪያ ስድስት ሰው መጣ። ከዚያ አሥር። ረፋድ ላይ መቁጠር አቃተኝ፤ ማሳው በዘፈን ተሞላ። እማማ አሻ ከዳር ዳር እየተመላለሱ ያዝዛሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ። እኔን «ሥሩን! ሥሩን ንቀል፣ ያ ቢቲ! ራሱን አትቁረጥ!» እያሉ ያስተምሩኛል። መዳፌ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተላጠ።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ድምፁን ሰማሁ። ቀና አልኩ። ደመናው ውስጥ ሆኖ አይታይም፤ ድምፁ ወደ አሶሳ ሄዶ ጠፋ። አረፈ ወይስ ተመለሰ? ታደሰ ደርሷል ወይስ መንገድ ላይ ቀርቷል? የማውቀው ነገር አልነበረም። ፕላን ላይ አለ ልል ነበር፤ በራሴ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ እንደገና መጣ፤ ከፍ እያለ፣ ወደ ምሥራቅ እየራቀ።

«ሄደ?» አሉኝ እማማ አሻ።

«አላየሁም» አልኳቸው።

ደስ አላቸው፤ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

ማታ ግድም ቤት ስገባ ታደሰ ድንች ሲልጥ አገኘሁት። «ከረጢቱን ሊያሥሩት ሲሉ ደረስኩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ሲገባ ቆሜ አየሁት፤ በዓይኔ» አለኝ።

ማሠልጠኛው ተከፈተ፤ ወንበሩን ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ተቀመጠበት። ኃላፊዬም ለብዙ ጊዜ ኮስተር አሉብኝ። ቆጭቶኝ ያውቃል? በደንብ! በተለይ በሦስተኛው ዓመት፣ የቤት ሥራዬ በቀይ ቀለም ታጥቦ ሲመለስ፣ ወርቃማው ቢሆን ይሄኔ እያልኩ አልቅሻለሁ። ግራጫው ግን ከተቀበለኝ ደብዳቤ ጋር አንዲት መስመር በእጅ ጽፎ ልኮልኝ ነበር፤ «የጥናትዎ ርዕስ በምስክርዎ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ይመስለናል።» እውነትም እዚያ ነበረ። ጥናቴ በወረቀት ላይ ባለ እቅድና በመሬት ላይ ባለ መኪና መካከል ስላለው ነገር ነው፤ ማንጎውም፣ ነፊሩም፣ እኔም አለንበት።

ዛሬ ወጣቶች የርቀት ዶክትሬት ሊመርጡ ሲሉ ቤቴ ይመጣሉ። ስንት ዓመት ይፈጃል፣ ወረቀቱ የት ይሠራል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቅጾቹን አምጡ እላለሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ትምህርት ቤቱ ስለ እናንተ ምን እንደሚጠይቅ እዩ፤ ከሁሉም ጥያቄ ደግሞ የቱን ለመሙላት እንደምትፈሩ ልብ በሉ። እኔን ያስተማረኝ የፈራሁት ቅጽ ነው። ይሄን የምለው እየኮራሁ ነው፤ ኩራቴ የትም አልሄደም፣ ቦታ ብቻ ነው የቀየረው።

ጥናቱ ታትሞ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤ ወደ መንደሩ ወጣሁ። እማማ አሻ አርጅተዋል፤ ማሳቸውን ግን ከሩቅ ታውቁታላችሁ፣ አረም የለበትም። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ክብደቱን መዘኑት።

«ማንጎ ውስጡ አለ?»

«አለ፣ እማማ።»

«ጥፋት የማን ነው ይላል?»

«የእኔ።»

ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁልኝና መጽሐፉን መልሰው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«አንብብ» አሉኝ።

ገጹን ገለጥኩ፤ መስመሩ ላይ ጣቴን እየጎተትኩ የተጻፈውን አነበብኩላቸው።